ብሌን፣ ኮርኒያና የዐይን ግፊት፤ በግላኮማ ሕመምተኛ ዐይን ላይ የሚገናኙ ሦስት ስያሜዎች

የሙያ ቃላት ጥናት ብዙውን ጊዜ የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በሕክምና ቃላት ረገድ ግን ነገሩ ከዚህ ያልፋል። የሕክምና ቃል ከሐኪሙ አፍ ወጥቶ ወደ ሕመምተኛው ጆሮ ይደርሳል፤ ሕመምተኛውም ቃሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ለቤተ ሰቡ የሚያስረዳው በዚያው ቃል ነው፤ መድኃኒቱን ለመቀጠል ወይም ለመተው የሚወስነውም ያንኑ ቃል በገባው መጠን ተረድቶ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ሁለት ነገር የሚያመለክት በሆነ ጊዜ ጉዳቱ በመዝገበ ቃላቱ ገጽ ላይ ብቻ አይቀርም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከታቸው ስያሜዎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም «ብሌን»፣ «ኮርኒያ» እና «የዐይን ግፊት» ናቸው። ሦስቱን አንድ ላይ ያመጣንበት ምክንያት፣ ግላኮማ በተባለው በሽታ የተያዘ ሰው ዐይን ላይ ስለሚገናኙና እዚያም እርስ በርሳቸው ስለሚምታቱ ነው። በመጀመሪያ ነገሩን፣ ቀጥሎ ቃሉን፣ በመጨረሻም የምናቀርበውን ሐሳብ እናስቀድም ዘንድ ይህን ቅደም ተከተል መርጠናል።

፩. ክፍሉና ሥራው

ኮርኒያ የሚባለው በዐይን ፊት ለፊት፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጎበጥ ብሎ የተቀመጠው ግልጽ ሽፋን ነው። በአዋቂ ሰው ስፋቱ ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ውፍረቱ በመካከሉ ሲለካ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ይኸውም በአማካይ 540 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። ማይክሮ ሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ዐይን ብርሃንን ሰብሮ ለማሰባሰብ ካለው ኀይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው ከዚህ ስስ ሽፋን ነው፤ የቀረው የሌንስ ድርሻ ነው።

ኮርኒያ ግልጽ ሆኖ እንዲኖር ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያው የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። ኦክሲጅኑን ከአየር በእንባ በኩል፣ ምግቡን ደግሞ ከኋላው ካለው የዐይን ውስጥ ውሃ ያገኛል። ሁለተኛው ውሃ የማይቋጥር መሆኑ ነው። በውስጠኛው ገጹ ላይ አንድ ረድፍ ሕዋሳት ተደርድረው ይገኛሉ፤ ሥራቸውም ወደ ኮርኒያው የሚሰርገውን ውሃ ሳያቋርጡ ወደ ውጭ መግፋት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በጤናማ አዋቂ ሰው በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ላይ ከ2,500 እስከ 3,000 ያህል ይሆናሉ። ከሞቱ በኋላ በሌሎች አይተኩም፤ የቀሩት ተዘርግተው ክፍተቱን ይሸፍናሉ እንጂ። ቁጥራቸው እጅግ ሲያንስ ኮርኒያው ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃ የቋጠረ ኮርኒያም ጉም እንደ ያዘው መስኮት ይደፈርሳል።

በተጨማሪ መታወስ ያለበት፣ ኮርኒያ የሕመም ነርቭ እጅግ ከበዛባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ መሆኑ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምታስለቅሰን በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

፪. «ብሌን» ከየት ወዴት

በቆየው የአማርኛ አነጋገር ብሌን የሚባለው በዐይን መካከል የሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው። እጅግ የተወደደና የሚጠበቅ ነገር «እንደ ዐይን ብሌን» ሲባል የሚታሰበውም ይኸው ነው። ግእዙ ለዚሁ ክፍል «ብንት» የሚል ቃል አለው። ግሪኮች «ኮሬ» ያሉት ቃል ልጃገረድንም ይህንኑ ነጥብም ያመለክት ነበር፤ የላቲኑ «ፑፒላ» ደግሞ ትንሽ ልጅ ወይም አሻንጉሊት ማለት ነው። ምክንያቱም ወደ ሰው ዐይን ቀርቦ የተመለከተ ሰው የራሱን ምስል አንሶ በዚያ ጥቁር ነጥብ ላይ ስለሚያየው ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ያ ምስል የሚያንጸባርቀው ከጥቁሩ ነጥብ አይደለም፤ ከፊቱ ካለው ከኮርኒያ ነው። ጥቁሩ ነጥብ ራሱ አካል ሳይሆን ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ኮርኒያ ግልጽ በመሆኑ አይታይም፤ የሚታየው ከኋላው ያለው ነው። ስለዚህ ስሙን የወሰደው ቀዳዳው ሆነ።

በቅርብ ዘመን ግን «ብሌን» የሚለው ቃል ወደ ፊት ተራምዷል። የኢትዮጵያ ዐይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «የዐይን ብሌን ልገሳ» እና «የዐይን ብሌን ንቅለ ተከላ» የሚሉት ሐረጎች በጋዜጣና በራዲዮ እየተለመዱ መጥተዋል። በእነዚህ ሐረጎች ውስጥ ብሌን የተባለው ኮርኒያው ነው። ይህን አጠቃቀም ስሕተት ነው ብለን ልንነቅፈው አንፈልግም። ቃሉ በሕዝብ ዘንድ ክብር ያለው በመሆኑ ለበጎ ሥራ አገልግሏል፤ ቀዳዳን የሚለግስ ሰውም ስለሌለ ሐረጉ ማንንም አያሳስትም።

ችግሩ የሚመጣው ሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው። «የብሌን ስፋት» ሲባል ሐኪሙ የለካው የቀዳዳውን ስፋት ነው ወይስ የኮርኒያውን? «ብሌኑ ሰፍቶ ደፈረሰ» የሚል ማስታወሻ አንድ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ቢጽፍ፣ የሰፋው አንድ ክፍል፣ የደፈረሰው ሌላ ክፍል ሊሆን ይችላል። «ብሌን ማስፊያ ጠብታ» የሚለው ደግሞ ከቀዳዳው በቀር ሌላ ትርጉም ሊኖረው አይገባም። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ በግላኮማ ጉዳይ እነዚህ ሦስቱም አነጋገሮች በየዕለቱ የሚያስፈልጉ ናቸው።

፫. «ግላኮማ» እና «የዐይን ግፊት»

«ግላኮማ» የሚለው ቃል የመጣው «ግላውኮስ» ከሚለው ግሪክኛ ሲሆን፣ እርሱም በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በግራጫ መካከል ያለ ቀለምን ያመለክታል። ጥንታውያን ሐኪሞች ቃሉን ያዋሉት በዐይን መካከል ለሚታይ የቀለም መለወጥ ነበር፤ ዛሬ የዐይን ሞራ ግርዶሽ ከምንለው ጋር በሚገባ የተለየው ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት የስሙን መነሻ በድንገተኛው የግላኮማ ዐይነት ውሃ ቋጥሮ ከሚደፈርሰው ኮርኒያ ጋር ያገናኙታል።

ዛሬ ግላኮማ የሚባለው የዕይታን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዱ በሽታዎች ስብስብ ነው። በዐይን ውስጥ የሚመነጨው ውሃ መውጫው ሲጠብበት ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ነርቩን ይጎዳል። ጤናማ ሰዎች ላይ ግፊቱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሆኖም ግፊቱ ከዚህ ሳያልፍ ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ፤ ግፊቱ ከፍ ብሎም ነርቩ ለዓመታት ሳይጎዳ የሚኖር ሰው አለ። እንግዲህ ግፊት የበሽታው ዋና መንሥኤ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ስለዚህ «የዐይን ግፊት አለብህ» የሚለው አነጋገር ለግላኮማ ስም ሆኖ ሲያገለግል ሁለት ጉድለት ያሳያል። አንደኛ፣ ግፊቱ የወረደለት ሰው በሽታው የተወው ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ «ግፊት» ሲባል የሚያስበው ደም ብዛትን ስለ ሆነ፣ ደም ግፊቱ ደኅና ነው የተባለ ሰው የዐይኑን ጠብታ ሊተው ይችላል።

ሦስተኛ መምታታትም አለ፤ እርሱም ከድምፅ መመሳሰል የሚመጣ ነው። «ግላኮማ» እና «ትራኮማ» በአማርኛ ጆሮ መንትያ ይመስላሉ። «ትራኮማ» የመጣው «ሻካራ» ከሚል ግሪክኛ ሲሆን፣ የዐይን ቆብን ውስጥ የሚያሻክር ተላላፊ በሽታ ነው፤ ቆቡ ሲጠቀለል ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን እየፋቀ ጠባሳ ያስቀርበታል። ግላኮማ አይተላለፍም፤ የሚያጠፋውም ነርቩን ነው። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት መንሥኤዎች መካከል የዐይን ሞራ ግርዶሽ 49.9 በመቶ፣ በትራኮማ ምክንያት የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ሌላ የኮርኒያ ጠባሳ 7.8 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ተራው ሰው «ዐይኑ ላይ ነጭ ወጣበት» ሲል የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በአንድ ቃል ይጠቀልላል፤ አራተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ነጭ አያሳይም። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ጠባሳው በንቅለ ተከላ ሊታከም ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ ዕይታ ግን አይመለስም።

፬. ሁለቱ የሚገናኙባቸው አራት ቦታዎች

ግላኮማ የነርቭ በሽታ ከሆነ በዐይን ፊት ያለው ኮርኒያ ምን አገናኘው? መልሱ፣ ሐኪሙም መድኃኒቱም ወደ ዐይን ውስጥ የሚገቡት በኮርኒያ በኩል ስለ ሆነ ነው። ግንኙነቱን በአራት ከፍለን እናስረዳለን።

የመጀመሪያው ልኬት ነው። በዓለም የታመነው የግፊት መለኪያ በስዊስ አገር ይሠራ የነበረው ሐንስ ጎልድማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ኮርኒያውን በቀስታ ተጭኖ፣ ዲያሜትሩ 3.06 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ ጠፍጣፋ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ኀይል ይለካል። ኳስ በጣቱ ተጭኖ የመረመረ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ቆዳው የወፈረ ኳስ ትንሽ አየር ቢኖረውም የጠነከረ ይመስላል፤ ቆዳው የሳሳ ኳስ ግን ከተሞላውም ያነሰ የተነፋ ይመስላል። ጎልድማን መሣሪያውን ያስተካከለው ኮርኒያ 520 ማይክሮ ሜትር ያህል እንደሚወፍር ገምቶ ነበር። ስለዚህ ኮርኒያው ስስ የሆነ ሰው ከእውነተኛው ያነሰ ግፊት ይነበብለታል፤ ወፍራም የሆነውም የበለጠ ይነበብለታል። መነጽር ለማስቀረት በጨረር ኮርኒያውን ያስቀነሰ ሰውም ከዚያ በኋላ የሚነበብለት ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት የውፍረትን ነገር ይበልጥ አጉልቶታል። ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ነርቫቸው ግን ገና ያልተጎዳ 1,636 ሰዎች ተከታትሎ፣ ኮርኒያቸው 555 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑት ከ588 በላይ ከሆኑት ይልቅ ለግላኮማ የመጋለጣቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በጥናቱ ውስጥ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ኮርኒያ በአማካይ ከሌሎቹ ይልቅ ስስ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ «የብሌን ውፍረት ተለካ» ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ፣ ቀዳዳ ውፍረት የለውምና፣ አንባቢውን ግራ ከማጋባት በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ሁለተኛው ጠብታው ነው። የግላኮማ ሕመምተኛ ጠብታውን የሚጨምረው ለዓመታት፣ አንዳንዱም ለዕድሜ ልክ ነው። በብዙዎቹ ጠብታዎች ውስጥ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ተሐዋስያን እንዳይራቡ የሚጨመር ማቆያ ቅመም አለ፤ በብዛት የሚሠራበትም ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። ይህ ቅመም ባሕርዩ እንደ ሳሙና ነው። ተሐዋስያኑን እንደሚያጠፋ ሁሉ፣ እንባ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚጠብቀውን ስስ የቅባት ንብር ያሟሟል፤ የኮርኒያውንም የላይኛ ሕዋሳት ይልጣል። ከዚህ የተነሣ ዐይን ይቆጠቁጣል፣ ይቀላል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል። በብዙ ጥናቶች ጠብታ ከሚጠቀሙ የግላኮማ ሕመምተኞች ወደ ግማሽ የሚጠጉት የዐይን ገጽ ድርቀት ወይም ቁጥቆጣ ተገኝቶባቸዋል። ጠብታው ሁለትና ሦስት ዐይነት ሲሆን ጉዳቱም ይጨምራል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮርኒያ በነርቭ የተሞላ በመሆኑ በጥቂት ጉዳት ይጮኻል፤ የዕይታ ነርቭ ግን እየሞተም አያምም። ሕመምተኛው የሚሰማው ጠብታው ሲያቃጥለው ነው፤ ጠብታው ሲጠብቀው አይሰማውም። ስለዚህ የሚያመውን ለማሳረፍ ብሎ የማያመውን ያጠፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በግላኮማ ግን የሚደበቀው በሽታው ራሱ ነው። ሕመምተኛው የተጎዳው ኮርኒያው፣ የሚጠበቀው ግን ነርቩ መሆኑን በሁለት የተለያዩ ቃላት ቢነገረው፣ ጠብታውን በራሱ ፈቃድ ከመተው ይልቅ ቁጥቆጣውን ለሐኪሙ ያስረዳ ነበር። ሐኪሙም መፍትሔ አለው፤ ማቆያ ቅመም የሌለበትን ጠብታ፣ ሰው ሠራሽ እንባን፣ የጠብታዎችን ቁጥር መቀነስን፣ ወይም የጨረርና የቀዶ ሕክምናን ሊመርጥ ይችላል። ሕመምተኛውም በበኩሉ አንድ ጠብታ ብቻ ጨምሮ ዐይኑን መክደን፣ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዐይን ጥግ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል በጣቱ ያዝ ማድረግ፣ ሌላ ጠብታ ካለው አምስት ደቂቃ መጠበቅ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ግፊቱ ራሱ ኮርኒያን ሲጎዳ ነው። በድንገተኛው ግላኮማ የውሃው መውጫ በአንድ ጊዜ ይዘጋል፤ ግፊቱ ይወጣል፤ ኮርኒያው ውሃ ይቋጥራል። ሕመምተኛው በመብራት ዙሪያ የቀስተ ደመና ክብ ያያል፤ ዐይኑንና ራሱን በብርቱ ያመዋል፤ ያስታውከዋል። በዚህ ጊዜ ብሌኑ መካከለኛ ስፋት ይዞ ይቆማል፤ ኮርኒያው ይደፈርሳል። የውሃ መውጫቸው ጠባብ በሆነ ሰዎች ላይ ብሌን ማስፊያ ጠብታ ይህንኑ ሊቀሰቅስ ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በሕፃናት ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሕፃን ዐይን ለስላሳ ስለ ሆነ በግፊት ይለጠጣል፤ ኮርኒያውም ይሰፋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ኮርኒያ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ12 ካለፈ ያጠራጥራል። እናት የልጇ ዐይን ትልቅ ሆኖ ሲታይ ደስ ይላታል፤ ጎረቤትም ያመሰግናል። ልጁ ግን እንባው ያለ ልቅሶ የሚፈስስ፣ ብርሃን የሚሸሽ፣ ዐይኑን አጥብቆ የሚጨፍን ከሆነ፣ ውበት የተባለው የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ለዐይን ሐኪም መታየት አለበት።

አራተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ግፊትን ለማውረድ በዐይን ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ወደ ኮርኒያው ከቀረበ የውስጠኛውን ገጽ ሕዋሳት ሊያሳንስ ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ ኮርኒያ የተተከለለት ሰው የተተከለው እንዳይመለስ የሚሰጠው የስቴሮይድ ጠብታ በአንዳንድ ሰው ላይ የዐይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራል። ስለዚህ «ብሌን ተተክሎልኛል» የሚል ሰው ግፊቱን በየጊዜው ማስለካት አለበት፤ ግላኮማ ላለበት ሰውም የተተከለ ኮርኒያ ረጅም ዕድሜ የማግኘቱ ዕድል ያንሳል።

፭. የምናቀርባቸው ስያሜዎች

ለኮርኒያ አማርኛ ስም ለመፈለግ ሦስት መንገዶች ታይተውናል። አንደኛው «ብሌን»ን ወደ ኮርኒያ ፈጽሞ ማዛወር ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳው ያለ ስም ይቀራል። ሁለተኛው ከግእዝ አዲስ ቃል ማውጣት ነው። «ኮርኒያ» ቀንድ ከሚል ላቲን የወጣ ነው፤ ዐረብኛውም «ቀርኒያ» ሲል ከዚያው ሐሳብ ተነሥቷል። እኛም በግእዝ «ቀርን» አለን፤ በስሱ ተፍቆ ብርሃን የሚያሳልፍ የቀንድ ዋንጫ ያየ ሰውም ምሳሌውን አይስተውም። ሆኖም አዲሱን ቃል የሚያውቀው አውጪው ብቻ ይሆናል፤ ሕመምተኛውም ሁለት ባዕድ ቃል እንዲማር ይገደዳል። ሦስተኛው በሐኪሞች አፍ የተለመደውን «ኮርኒያ» ተቀብሎ በግልጽ አማርኛ መፍታት ነው። እኛ ይህን ሦስተኛውን መርጠናል።

ኮርኒያ ፦ በዐይን ፊት ያለ ግልጽ ሽፋን። «የኮርኒያ ውፍረት»፣ «የኮርኒያ ስፋት»፣ «የኮርኒያ ጠባሳ» ይባላል።

ብሌን ፦ ፩ኛ፣ ብርሃን ወደ ዐይን የሚገባበት ጥቁር መስሎ የሚታይ ቀዳዳ። ፪ኛ፣ በልገሳና በንቅለ ተከላ ሐረጎች ብቻ፣ ኮርኒያ።

ግላኮማ ፦ የዕይታን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ። «ግሎኮማ» የሚለው አጻጻፍ ቢቀር ይሻላል።

የዐይን ውስጥ ግፊት ፦ የሚለካው መጠን እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። «ውስጥ» የሚለው ቃል ከደም ግፊት ስለሚለየው እንዳይዘለል።

ውሃ መቋጠር ፦ ኮርኒያ ውሃ ይዞ ሲደፈርስ። «እብጠት» ቢባል ሰው በእጅ የሚዳሰስ ነገር ስለሚፈልግ አልመረጥነውም።

ማቆያ ቅመም ፦ መድኃኒት እንዳይበከል የሚጨመር። በጠብታ መግለጫ ወረቀት ላይ «ማቆያ ቅመም የሌለበት» ተብሎ ቢጻፍ ገዢው ይረዳዋል።

እነዚህን ቃላት የምናቀርበው በዐዋጅ እንዲጸኑ ብለን አይደለም። ቃል የሚጸናው በአፍ ሲለመድ ነው፤ የሚፈተነውም በመርመሪያ ክፍል ውስጥ፣ በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ነው። አንድ አረጋዊ ከምርመራ ወጥተው ለልጃቸው «ጠብታው ያቃጠለኝ ኮርኒያዬን ነው፤ የሚጠብቅልኝ ግን ነርቤን ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሌላ እስኪሰጠኝ አልተወውም» ብለው ማስረዳት ቢችሉ፣ ቃላቱ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው። የዐይን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የመድኃኒት ባለሙያዎችና የቋንቋ መምህራን በእነዚህ ስያሜዎች ላይ ያላቸውን አስተያየት፣ በተለይም ሕመምተኞች ራሳቸው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ቢያቀብሉን፣ ለሚቀጥለው እርማት እናውለዋለን።